ያልተዘፈዘፈው ሽንብራ

ሰውን በመስኮቱ የምለካ ሴት ነኝ። ሙያዬ መጋረጃ መስፋት ነው። ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሳሎኔን በስፌት መኪናና በጨርቅ ጥቅል ሞልቼ፣ ከሰው መስኮት እንጀራዬን ስበላ ኖሬአለሁ። የሰው ስም ይጠፋብኛል እንጂ መስኮቱ አይጠፋኝም። «እታገኝ፣ ያቺ ሁለተኛ ፎቅ ያለችው እኮ» ከምትሉኝ «ያቺ ወይን ጠጅ ቬልቬት ያሰፋችው» ብትሉኝ ቶሎ ይገባኛል። የብሎካችንን መጋረጃ አብዛኛውን የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ከመጋረጃው ጀርባ ያሉትን ልጆች ስም ግን አላውቅም ነበር። ያኔ ይህ ነገር ነውር ሆኖ ታይቶኝ አያውቅም።

ቤቱ ባለቤቴ በሕይወት ሳለ በዕጣ የደረሰን ነው። ግድግዳውን የቀባው ራሱ ነው። የሳሎኑን የመጋረጃ ብረት የሰቀለውም ራሱ ነው፤ ትንሽ ጠመም ብሎበት «የእጄ ምልክት ትሁን» ብሎ ተወው። እሱ ካረፈ በኋላ ከልጄ ከሜሮን ጋር ሁለታችን ቀረን። ሀብት ብዬ የምጠራው ያንን ቤትና ያቺን የስፌት መኪና ብቻ ነበር። ስለዚህ ስለ ቤቱ ሰው አንድ ነገር ሲናገር ጆሮዬ ቶሎ ይቆማል።

የሳሎኔ መስኮት የሚከፈተው ወደ ባዶ ሜዳ ነበር። የድሮዎቹ ቤቶች ከፈረሱ በኋላ ሳር በቅሎበት፣ ልጆች ኳስ እየተራገጡበት ለዓመታት ቆየ። ከዚያ ከሜዳው ወዲያ ማዶ ግንባታ ተጀመረ። ምንድን ነው ብለን ስንጠይቅ በዝቅተኛ ኪራይ የሚሰጥ የመንግሥት ቤት ነው፣ የሚገቡትም አብነት አካባቢ የቀበሌ ቤታቸው የሚፈርስባቸው ሰዎች ናቸው ተባለ። እኛ ደረጃ ላይ ስንተላለፍ «ደህና አደርሽ» ከማለት የማናልፍ ሰዎች፣ ያን ሰሞን ደረጃው ላይ ቆመን ማውራት ጀመርን። ፍርሃት ሰውን ያስተዋውቃል።

ምን ያልተባለ ነገር አለ? ውሃው አሁንም በፈረቃ ነው፣ እነሱ ሲጨመሩ ጭራሹን ይጠፋል ተባለ። ማስጫው ላይ ልብስ አያድርም፣ ልጆቻችን ይበላሻሉ፣ ግቢው ጫት መቃሚያ ይሆናል ተባለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የቤታችን ዋጋ ይወርዳል ተባለ። የኮሚቴያችን ሰብሳቢ አቶ ዘሪሁን፣ ምድር ቤት ባለ መስመር ግራጫ መጋረጃ ያሰፉት ጡረተኛ፣ ስብሰባ ጠርተው «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አሉን። በሜዳው መካከል የብረት አጥር እንዲቆም ተወሰነ። ብዙም ሳይቆይ የአጥሩ የመጀመሪያ ብረቶች ሜዳው ላይ ተተከሉ።

ሰዎቹ በጭነት መኪና ገቡ። አልጋ፣ በርሜል፣ የቆርቆሮ ቁራጭ፣ የታሰረች ዶሮ ሳትቀር አየሁ። እኔ ግን እንደ ልማዴ ያየሁት መስኮታቸውን ነበር። ከገቡ ወራት አለፉ፣ አንድም ቤት መጋረጃ አልሰቀለም። አንዱ አንሶላ አንጠልጥሏል፣ አንዱ ካርቶን ለጥፏል፣ ሌላው ባዶውን ነው። በልቤ ፈረድኩ። መስኮቱን ያላለበሰ ሰው ስለ ሰፈሩ ምን ገዶት አልኩ። የእኔ ደንበኞች ይህንን እያዩ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ አይወጡም፣ ዋጋው ሳይወርድ ቤቱን ሸጬ ከከተማው ዳር እህቴ ያለችበት ልሂድ ብዬ ቆረጥኩ።

ሜሮን በዚህ ምክንያት አኮረፈችኝ። አንድ ቀን ብቻ ነው አፍ አውጥታ የተናገረችው።

«እማዬ፣ እነዚህን ሰዎች አናግረሻቸው ታውቂያለሽ?»

«መስኮታቸውን አይቼዋለሁ» አልኳት።

ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ግን ፊቷ ተለወጠና ወደ ጓዳ ገባች። ማልቀሷን ያወቅኩት ቧንቧውን ስትከፍት ነው፤ ፈረቃችን ስላልነበረ ውሃ እንደሌለ ታውቃለች።

እንግዲህ የማወራችሁ ነገር የሆነው ግንቦት ልደታ ዕለት ነው። ጠዋት ደላላው ደሳለኝ ደወለ። ገዢ አግኝቼልሻለሁ፣ አንድ መሐንዲስና እናቱ ናቸው፣ እናትየው ለንግሥ ልደታ ማርያም ስለመጡ ታቦቷ ስትገባ በዚያው ቤቱን አይተው ያልፋሉ አለኝ። ሰዎቹ የቸኮሉ ናቸው፣ ቤቱን ከወደዱት ዛሬውኑ ቀብድ ይከፍላሉ ሲለኝ ደስም አለኝ፣ ከፋኝም። ወለሉን ወለወልኩ፣ የጨርቅ ጥቅሎቹን አልጋ ሥር ከተትኩ፣ ለሠርግ ቤት የሰፋሁትን አዲስ ነጭ መጋረጃ በውሰት ሰቀልኩ። ሳስተካክለው ወደ ታች አየሁና ደርቄ ቀረሁ።

ሜዳው ላይ፣ በቀጥታ ከመስኮቴ ሥር፣ የማዶዎቹ ሴቶች ሦስት ጉልቻ ጎልተው እሳት አንድደዋል። ጥጃ የሚያህል ድስት ጥደዋል። አንዷ ነጠላዋን የአጥሩ ብረት ላይ አንጠልጥላ ፍልጥ ትሰብራለች። ልጆች ይሯሯጣሉ። ጭሱ ቀጥ ብሎ ወደ ነጩ መጋረጃዬ ይወጣል። ስንት የለፋሁበት ቀን፣ ዓይኔ እያየ በአንድ ድስት ሊበላሽ ነው ብዬ ጨስኩ፤ ከታች ካለው እሳት በላይ የጨስኩት እኔ ነበርኩ።

አቶ ዘሪሁን ጋ ብደውል ንግሥ ላይ ነኝ አሉና ጫጫታው ስልኩን ዋጠው። ወርጄ የግቢውን ጥበቃ ጋሽ ተካን ያስነሱልኝ አልኳቸው። ጋሽ ተካ ከመቀመጫቸው ንቅንቅ አላሉም። በልደታ ቀን፣ በልደታ ሰፈር፣ ልደታን የሚያከብር ሰው እንዴት ብዬ አባርራለሁ፣ ከደፈርሽ ራስሽ ንገሪያቸው አሉኝ። እሺ፣ ራሴ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ወደ እነሱ እየሄድኩ የምለውን አጠናሁ፦ እህቶቼ፣ እንግዳ አለብኝና እባካችሁ ወደ ሕንፃችሁ ጀርባ ፈቀቅ በሉልኝ። ጨዋ ንግግር ነበር። ግን አልተባለም።

ድስቱን በረጅም ማማሰያ የምታማስለው ሴት ቀና ብላ አየችኝ። ሻሿን ከአገጯ ሥር ያሰረች፣ ደልደል ያለች ሴት ናት። ፊቷ ወዲያው በራ።

«መጣች» አለች ወደ ሌሎቹ ዞራ። «ከወዲያኛው ወገን ሰው መጣ አላልኳችሁም?»

ሴቶቹ ሁሉ ብድግ አሉ። እንኳን አደረሰሽ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን ተባባልን። አንዲት አሮጊት ጉንጬን ይዘው ሳሙኝ። ባለ ሻሿ ሴት እጄን አየች፤ በአንዱ ስልክ ይዣለሁ፣ ሌላው ባዶ ነው።

«እና ምን ይዘሽልን መጣሽ? ስንዴ ነው ባቄላ?»

ያኔ ገባኝ። እናቴ በልጅነቴ የምታደርገው ነገር ትዝ አለኝ። የልደታ ንፍሮ ከአንድ ቤት አይወጣም፤ ከየቤቱ እፍኝ እህል ተዋጥቶ፣ ደጅ ተቀቅሎ፣ ደጅ ይበላል። እነዚህ ሴቶች የወረድኩት እፍኜን ላዋጣ መስሏቸዋል። ከእኛ ወገን አንድ ሰው ይወርድ ይሆን እያሉ ከጠዋት ጀምሮ ሲጠብቁ ኖረዋል። እንዲህ ደስ ብሎት የተቀበለኝን ሰው «ተነሱልኝ» ልበለው?

«ረስቼው ነው፣ አሁን አመጣለሁ» አልኩ።

«ዘይነባ እባላለሁ» አለችኝ ባለ ሻሿ። «እኔስ ሙስሊም ነኝ፤ ድስቱ የእኔ ስለሆነ ነው የማማስለው። አብነት ሳለን ሠርጉም፣ ልቅሶውም፣ ልደታውም በዚሁ ድስት ነበር። እኔ የሌለሁበት ቦታ ድስቴ አይሄድም።»

ደረጃውን በሩጫ ወጣሁ። ቤቴ ውስጥ የተገኘው ለሽሮ የገዛሁት ሽንብራ ብቻ ነው። በሆዴ ያሰብኩትን ልንገራችሁ፤ እፍኝ ሳይሆን ሳህን ሙሉ ልስጣቸው፣ ደስ ይበላቸው፣ ከዚያ ቶሎ አብስለው፣ ቶሎ በልተው፣ ገዢዎቹ ሳይመጡ ይነሱልኝ አልኩ። ወረድኩና ሳህኑን እንዳለ ድስቱ ውስጥ ገለበጥኩት። ዘይነባ አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። አሮጊቷ አንገታቸውን ደፍተው ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ።

«አሁን ደርሷል አይደል?» አልኳት።

«ስንዴውማ ደርሶ ነበር» አለች ዘይነባ ማማሰያውን እያየች። «አሁን እንግዲህ የአንቺን ሽንብራ እንጠብቃለን።»

ሽንብራ ከዋዜማው ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ካላደረ ድንጋይ ነው። ይህንን የማታውቅ ሴት የለችም፤ እኔም አውቃለሁ። ችኮላ እንኳን ሙያ ስምም ያስረሳል። ደርሶ ሊወጣ የነበረውን ንፍሮ በገዛ እጄ ወደ ኋላ መልሼው ቁጭ አልኩ። አንዷ ውሃ ጨመረች፣ አንዷ ፍልጥ አቀበለች፣ አሮጊቷ በርጩማ ወደ እኔ ገፋ አደረጉና «ተቀመጪ፣ የእኛ ልጅ፣ ገና ነው» አሉኝ። እና ተቀመጥኩ።

ገዢዎቹ የደረሱት እኔ እዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነው። ደሳለኝ ከሩቅ ሲያየኝ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ከኋላው አንድ ጎልማሳ እናቱን ደግፎ ይመጣል። ሳምሶን ይባላል፤ እናቱ እማማ የሺ ናቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጉልበታቸውን እየጎተቱ፣ የንግሡ አቧራ ጫማቸው ላይ እንዳለ ነው። ተነስቼ ተቀበልኳቸውና በዚህ በኩል ነው ብዬ በፍጥነት ወደ ደረጃው ልመራቸው ስል እማማ የሺ ድስቱ አጠገብ ቆሙ። በልደታ ቀን መንገደኛ አይታለፍም። ሴቶቹ ይቀመጡ እናቴ አሏቸው። እሳቸውም መቋሚያቸውን ለልጃቸው ሰጥተው ቁጭ አሉ።

ሳምሶን እማዬ ቤቱን እንይና እንመለሳለን አላቸው። ደሳለኝም ሰዓት የለንም እያለ ይቁነጠነጣል። እማማ የሺ ሁለቱንም አልሰሟቸውም። ዓይናቸው ከድስቱ ወደ ሜዳው፣ ከሜዳው ወደ ሕንፃዎቹ ይዞራል። እኔ እዚሁ ነው ተወልጄ ያረጀሁት አሉ። ሰፈሩ ሲፈርስ ከከተማው ዳር ቤት ተሰጥቷቸው ሄደው ነበር። ቤቱስ ደህና ነው፣ ሰው ግን አጣሁበት አሉ። ልጃቸው ያጠራቀመውን ይዞ ወደ ልደታ ሊመልሳቸው ነው እንግዲህ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ ነሽ ባለቤቷ? እስቲ ልጠይቅሽ ልጄ። እዚህ ፎቅ ላይ ያላችሁ ሰዎች ልደታን የት ነው የምታከብሩት?»

«በየቤታችን ነዋ» አልኳቸው።

«ልደታን? ቤት ውስጥ?»

ድምፃቸው ቁጣ የለበትም፤ መገረም ነው። በሰፈሩ ስም የሚጠራ በዓል፣ ደጅ ወጥቶ ከጎረቤት ጋር ካልሆነ በዓል የማይባል በዓል፣ እኔ ስንት ዓመት በሬን ዘግቼ ከልጄ ጋር ዳቦ ቆርሼ አሳልፌዋለሁ። ደግነቱ በዚያ ቅጽበት አሮጊቷ በጭልፋ ንፍሮ አውጥተው እንግዳዋን አቀመሷቸው። እማማ የሺ አኘኩ። ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። ጉንጫቸውን ያዙ።

«ይህንን ሽንብራ ሳይዘፈዝፍ የጨመረ ማነው?»

ሁሉም ዞረው እኔን አዩ። ዘይነባ ሳቋን መያዝ አቃታትና ፈነዳች፣ ሴቶቹ ተከተሏት፣ እማማ የሺ ጉንጫቸውን እንደያዙ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ደጅ ላይ፣ ሰው መካከል፣ እንዲያ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር። ዓይኔ እንባ እስኪያቀርር ሳቅኩ።

እናቱ አልነሳም ስላሉ ሳምሶንን ብቻዬን ይዤ ወጣሁ። ሜሮን በሩን ከፈተችልን፣ ሰላም አለችውና ጥግ ይዛ ቆመች። ክፍሎቹን አየ፣ ግድግዳውን መታ መታ አደረገ፣ ጣራውን አየ። ከዚያ መስኮቱ ጋ ሄዶ መጋረጃውን ገለጥ አደረገ። እነሆ መጣ አልኩ፤ ያንን ባዶ መስኮት ሁሉ ሊያይ ነው። እሱ ግን ቁልቁል ነበር የሚያየው። እናቱ ከእነዘይነባ መካከል ተቀምጠው በእጃቸው እያሳዩ የሆነ ነገር ያወራሉ፣ ሴቶቹ ይስቃሉ። እናቴ እዚያ ከከተማው ዳር በረንዳ ላይ ወንበር አውጥታ መንገድ ስታይ ነው የምትውለው፣ ድምጿን ከሰማሁ ቆየሁ አለኝ። ከዚያ የተጣመመውን የመጋረጃ ብረት አየና ይህንን አስተካክለዋለሁ አለ።

ያቺ ንግግር ልቤን ወጋችው። ክፉ አላሰበም፤ ቤቱን በልቡ ወስዶት ስለነበር ነው። ሜሮንን አየኋት፤ እሷም ብረቱን እያየች ነበር።

«በእኔ በኩል ጨርሻለሁ» አለ ሳምሶን። «እናቴ አንዴ ትየውና ዛሬውኑ ቀብዱን እንክፈል።»

አብረን ወረድን። ሜሮንም ሳትጠራ ተከተለችን። ደሳለኝ ፊታችንን አይቶ ነገሩ እንዳለቀ ገባውና ኮቱን አስተካከለ። ሳምሶን እናቱ ፊት ቁጢጥ ብሎ እማዬ ተነሽ፣ ደግፌ ላውጣሽና እዪው አላቸው።

«ምኑን ነው የማየው?» አሉ እማማ የሺ። «ቤት ቤት ነው። እኔ ጎረቤቱን አይቻለሁ፤ ይበቃኛል። ግዛው።»

ከዚያ አጠገባቸው በርጩማዬ ላይ ስቀመጥ እጃቸውን ጉልበቴ ላይ ጣል አደረጉ።

«አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም ልጄ። ይህን የመሰለ ጎረቤት ትተሽ የምትሄጂው ለምንድን ነው?»

መልስ አዘጋጅቼ ነበር። እህቴ ጋ ለመቅረብ ነው፣ ደረጃው ደከመኝ፣ ልጄ ሥራዋ ወደዚያ ነው። ለደላላው ስለው የኖርኩት ነው። አፌን ስከፍት ግን የወጣው ሌላ ሆነ።

«እነሱን ፈርቼ ነው» አልኩ።

ማማሰያው ቆመ። ደሳለኝ ጠላቴ ሆነሻል በሚል ዓይን አየኝ። ዘይነባ ፊቷን ወደ እሳቱ እንዳዞረች ናት። ተነስታ ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ይገባኝም ነበር። ስትናገር ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር።

«እኛስ ማንን ስንፈራ የከረምን ይመስልሻል? ስንገባ ምን እንዳሉን ታውቂያለሽ? የኮንዶሚኒየሙ ሰዎች አቤት ብለዋል፣ ከዚህም ትነሳላችሁ አሉን። አንዴ ተነስተናል። ዕቃችንን ዛሬም በሙሉ አልፈታነውም። ከገባሁ ጀምሮ ግድግዳዬ ላይ አንዲት ሚስማር አልመታሁም። ነገ ለሚነቀል ነገር ምን ብዬ ልምታ?»

ቀና ብዬ መስኮቶቹን አየሁ። አንሶላው፣ ካርቶኑ፣ ባዶው። በእኔ ሙያ መጋረጃ ለመስቀል መጀመሪያ ሚስማር ይመታል፤ ሚስማር የሚመታ ደግሞ እቆያለሁ የሚል ሰው ነው። ሕይወቴን ሙሉ መስኮት አንብቤ፣ ያንን አላነበብኩም። ግዴለሽነት ያልኩት ፍርሃት ነበር፤ የእኔው ዓይነት ፍርሃት። እነሱ እኔን ፈርተው ሚስማር አልመቱም፣ እኔ እነሱን ፈርቼ የባለቤቴን ብረት ልነቅል ተነስቻለሁ። በመካከላችን ያለው ሜዳ ደግሞ ኳስ ቢለጋ የሚሻገረው ሜዳ ነው።

«አልሸጥም» አልኩ።

ሜሮን ከኋላዬ ትከሻዬን ያዘችኝ። ደሳለኝ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ሳምሶን ቃልዎን ሰጥተዋል እኮ፣ እንዲህ አይደረግም አለኝ፤ እውነቱን ነበር። እኔን ያሳፈሩኝ ግን እማማ የሺ ናቸው። ዓይናቸው ውሃ ሞልቶ እየሳቁ «ጎረቤቱን አሳይተሽኝ ቤቱን ትነሺኛለሽ?» አሉኝ። እጃቸውን ይዤ ይቅርታ እማማ አልኳቸው። በእኔ መቅረት እሳቸው ወደዚያ በረንዳቸው ሊመለሱ ነው።

ደላላ ግን ተስፋ አይቆርጥም። ደሳለኝ ሱሪውን አራግፎ ተነሳና፣ ወደ ሳምሶን ጠጋ ብሎ፣ እዚሁ ብሎክ ላይ ሌላም አለኝ፣ ለሰው እንዳትናገር ስለተባልኩ ነው፣ እንዲያውም ምድር ቤት ነው፣ ለእናትህ ጉልበት ይስማማል አለው። የማን ነው ብለን አንድ ላይ ጠየቅን። ደሳለኝ ወደ ግቢው በር አየ። አቶ ዘሪሁን ከንግሥ እየተመለሱ፣ ነጭ ለብሰው፣ ሜዳውን እያቋረጡ ነበር።

ሁላችንንም በአንድ ላይ ሲያዩ እርምጃቸው ቀዘቀዘ። ዓይናቸው ከደሳለኝ ወደ እኔ ሄደ፤ የኮሚቴው ሰብሳቢ በምስጢር፣ እኔም በምስጢር፣ አንዱን ደላላ ይዘን ቤታችንን ሸጠን ልንሸሽ እንደነበር ገባን። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንደሚባለው ነው። ዘይነባ ከድስቱ ቀመሰችና ራሷን ነቀነቀች፤ ሽንብራው በስሏል። በትልቅ ትሪ ገለበጡት። አሮጊቷ የመጀመሪያውን ጭልፋ ይዘው ወደ አቶ ዘሪሁን ሄዱ። እኚያ ኩሩ ሰው ባርኔጣቸውን አወለቁና ሁለት እጃቸውን ዘርግተው እፍኛቸውን ተቀበሉ። ቆመው በሉ፤ ከዚያ ተቀመጡ።

እማማ የሺ ክረምቱ ሳይገባ አቶ ዘሪሁን ቤት ገቡ። አቶ ዘሪሁን ሀሳባቸውን አልለወጡም፤ ልጆቻቸው ወዳሉበት ሄዱ። ሰው ሁሉ በአንድ እፍኝ ንፍሮ አይለወጥም፣ መለወጥም የለበትም። አጥሩን የሚያስታውስ ሰው ግን ጠፋ። የተተከሉት ብረቶች አሁንም ሜዳው ላይ አሉ፤ ገመድ ወጥረንባቸው ሁለታችንም ወገን ልብስ እናሰጣበታለን።

ይህንን የምታነቡ ወገኖቼ፣ ሁሉም ነገር ማር ሆነ እያልኳችሁ አይደለም። ውሃ ዛሬም በፈረቃ ነው፤ ሰው ስለበዛ አንዳንዴ ፈረቃችን ሳይደርሰን ያልፋል፣ ያኔ እማረራለሁ። ከማስጫው አንድ ፎጣ ጠፍቶብኛል፤ ማን እንደወሰደው አላውቅም፣ ከየትኛው ወገን እንደሆነም አላውቅም። የማዶዎቹ ልጆች ጠዋት ይጮሃሉ፣ የእኛዎቹም አብረዋቸው። የቤቱ ዋጋ ወጣ ወይስ ወረደ ካላችሁኝ ደሳለኝን ጠይቁት፤ እኔ መጠየቅ ትቻለሁ። ደንበኞቼ አልቀነሱም። ምክር ስጪ ብትሉኝ አንድ ነገር ብቻ እላለሁ፦ ቤታችሁን ከመሸጣችሁ በፊት፣ አጥር ከማቆማችሁም በፊት፣ ውረዱና የፈራችሁትን ሰው ስሙን ጠይቁት። ምናልባት እሱም በሩን ዘግቶ እናንተን እየፈራ ይሆናል።

እኔ እንግዲህ ግንቦት ልደታ ሲደርስ ሽንብራዬን ከዋዜማው እዘፈዝፋለሁ። እማማ የሺ በየዓመቱ ከምድር ቤት መስኮታቸው «ዘፈዘፍሽ?» ብለው ሳይጠይቁኝ አያልፉም። ይህ ስም ሆኖብኝ ቀርቷል።

ከዚያ ከመጀመሪያው በዓል በኋላ በነበረው ሳምንት የመለኪያ ሜትሬን አንገቴ ላይ አድርጌ፣ አረንጓዴ ጨርቅ ይዤ ዘይነባ ቤት ሄድኩ። ጥግ ላይ በገመድ የታሰሩ ጥቅሎች ተደርድረዋል። መስኮቱን ለካሁ፣ ብረቱ የሚሰቀልበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አደረግኩ። ዘይነባ ከጎረቤት መዶሻ ተውሳ መጣች። ወንበር ላይ ወጥታ ሚስማሩን ምልክቱ ላይ አቆመች፣ መዶሻውን አነሳች፣ ግን አልመታችም። እጇ አየር ላይ እንዳለ ዞራ አየችኝ።

«ልምታው?» አለች።

እኔ የመንግሥት ሰው አይደለሁም፤ ነገ የሚሆነውን አላውቅም። ቢሆንም የእኛን ሕንፃ በመስኮቱ አሻግሬ አየሁ፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የባለቤቴ ጠማማ ብረት አለች።

«ምቺው» አልኳት። «እኔም አልሄድኩም።»